የራህመት ምላስ

ፉርኖዬን ለሰው አላውስም። ቆቦ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ዶሮ በድስት ይዞ መጥቶ «አንድ ጊዜ ብቻ አስገቢልኝ» ያለኝ ሰው ነበር፤ ዶሮውን ይዞ ተመለሰ። ለልጇ ልደት ኬክ ልትጋግር የመጣችም ነበረች፤ እሷም ሊጧን ይዛ ተመለሰች። ፉርኖ የዳቦ ምድጃ ነው። ዛሬ ዶሮ ካስገባሁበት ነገ ዳቦዬ ዶሮ ዶሮ ይላል፤ ከነገ ወዲያ «የየሻረግ ዳቦ ሽታ አመጣ» ይባልና የሃያ ስምንት ዓመት ልፋቴ እዚያ ላይ ያበቃል።

ለራህመት ግን ሰጠሁ። ለምን እንደ ሰጠሁ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ዛሬ የማወራው እሷ ራሷ በሰው ፊት ስላወጣችው ነው፤ እኔ አንደበቴ ክፉ ቢሆንም ምስጢር አላባክንም።

ራህመት የአጥር ጎረቤቴ ናት። የእሷን ግቢና የእኔን ዳቦ ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ አጥሩ በር አለው፣ በሩ ግን ቁልፍ ኖሮት አያውቅም። ልጇን ሳሊሀን ስትወልድ ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ። እኔ ባሌን ስቀብር አርባ ቀን ሙሉ ቤቴን የያዘችው እሷ ናት። በመካከላችን የማንጋራው ሥጋ ብቻ ነው። እሷ የእሷን ታርዳለች፣ እኔ የእኔን። ከእናቶቻችን የተረከብነው ነው፤ እሷ ለእኔ ትጠነቀቃለች፣ እኔም ለእሷ፤ የሚቀየም የለም።

ሠርግ ሲመጣ ግን ነገሩ ትንሽ ይከፋል። የሙስሊም ሠርግ ከሆነ ለክርስቲያን እንግዶች ሙክት ይሰጣቸውና ራሳቸው አርደው፣ ራሳቸው ሠርተው፣ በአንድ ወገን ተቀምጠው ይበላሉ። የክርስቲያን ሠርግም እንዲሁ ነው። ሰው ተቃቅፎ ገብቶ፣ አብሮ ጨፍሮ፣ ምግብ ሲቀርብ ግራና ቀኝ ይለያያል። ራህመት ይህን አትወድም ነበር። ገና በወጣትነቷ፣ ለሠርግ መቀቀል ስትጀምር፣ «እንዴት አንዲት ነገር እንኳ ከአንድ ትሪ አንበላም?» ብላ ሩዙን ያለ ሥጋ፣ ያለ መረቅ፣ ያለ ቅቤ፣ በዘይትና በቅመም ብቻ ሠራችው። ትሪውን ዳሱ መሀል አስቀመጠችው። ከሁለቱም ወገን ሰው እየተነሣ ከበበው። ከዚያን ቀን ወዲህ በእኛ ሰፈር የራህመት ሩዝ መሀል ላይ ያልተቀመጠበት ሠርግ እንደ ሠርግ አይቆጠርም።

ሩዟ ደግሞ ሩዝ ነው! የምላሷ ነገር አይወራም። አንድ ጊዜ ጎብዬ ለሠርግ ሄደን ወጡን በጣቷ ጫፍ ቀመሰችና «ሽንኩርቱ ትናንት ማታ የተከተፈ ነው» አለች፤ የከተፈችው ሴት አፏን ያዘች። ሌላ ጊዜ ውሃው ከቧንቧ ሳይሆን ከጉድጓድ የተቀዳ መሆኑን ለይታለች። አዲስ ሙሽራ ድስት ስትጥድ «ለራህመት አስቀምሺ» ትባላለች። እሷም ማንኪያውን አፏ ውስጥ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አገሩን ሁሉ ካስጠበቀች በኋላ ነው የምትፈርደው። ትኮራበት ነበር። ልትኮራ ይገባታል፤ ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ ይባል የለ?

ከሁለት ዓመት በፊት ታመመች። ጉንፋን ነው አልን፤ ሦስት ሳምንት አስተኛት። በተነሣች በማግሥቱ ጠዋት በአጥሩ በር መጣች፤ ከፉርኖ የወጣ ትኩስ ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት። አኘከች፣ አኘከችና እንባዋ ወረደ።

«የሹ፣ ዳቦሽ ምንም አይልም» አለችኝ።

እኔ ቁጣ ይቀድመኛል። «ምን ጎደለው? ጨው ነው? እርሾ ነው? ከአልጋ ሳትወርጂ ነገር ፍለጋ መጣሽ?» አልኋት።

«ዳቦው አይደለም፣ እኔ ነኝ። ሎሚ መጠጥሁ፣ ምንም አይልም። በርበሬ ላስሁ፣ ያቃጥለኛል እንጂ አይጣፍጠኝም። ሽታም የለኝ። ሳሊሀ ወተት አሳርራ ጭሱን በዓይኔ ነው ያወቅሁት።»

ደሴ ድረስ ሄደን ሐኪም አየናት። «ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለን። ይህንንማ እኔም ልነግራት እችል ነበር። ስንመለስ መኪና ውስጥ እጄን ያዘችኝና «ለማንም እንዳትናገሪ፣ በማርያም ማይልኝ። ይህ ከታወቀ እኔ ምን ቀረኝ?» አለችኝ። ማልሁላት። በእኔ ማርያም ስታስምለኝ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ግን ተወኝ።

እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ኖርን። እጁ የእሷ፣ ምላሱ የእኔ። ሩዙ ሲደርስ እኔ ቀደም ብዬ በጓዳ በኩል ቀምሼ እወጣለሁ። ከዚያ እሷ በሴቶቹ ፊት ማንኪያውን ትጎርሳለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትቆያለች። ዓይኗን ስትገልጥ የምታየው የእኔን ነጠላ ነው። ነጠላዬ በቀኝ ትከሻዬ ከሆነ ጨው ይጎድላል፣ በግራ ከሆነ በዝቷል፣ አናቴ ላይ ከሆነ ልክ ነው። «ትንሽ ጨው» ትላለች ራህመት፤ ሴቶቹም «አይ ምላስ!» ይላሉ። እኔ ቆሜ ነጠላዬን አስተካክላለሁ።

ምላሱን እንዲህ ሸፈንነው። አፍንጫውን ግን ነጠላ አይሸፍነውም። ያን ዓመት አንድ ሠርግ ላይ ትልቁ ድስት ሥር ሩዙ መያዝ ጀመረ፤ እሷ አጠገቡ ቁማ ታወራለች። እኔ ከግቢው ማዶ ሽታው ደርሶኝ ስሮጥ ነጠላዬም ጫማዬም ወደቀ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በእንጨት እሳት የሚሠራ የሠርግ ሩዝ በአፍንጫ ነው የሚጠበቀው። በፉርኖ ውስጥ ያለ ሩዝ ግን የሚጠበቀው በሰዓት ነው።

እንዲህ ነው ፉርኖዬን የሰጠኋት። «ሩዝ ዳቦ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ መጀመሪያ። ጠርዙ ከፍ ያለ የዳቦ ትሪ አመጣሁ። ታጥቦ የተዘፈዘፈውን ሩዝ አራት አራት ኪሎ አድርገን ገለበጥንበት፤ ሽንኩርቱን በዘይት፣ በእርድ፣ በኮረሪማና በቅርንፉድ አቁላልታ ደባለቀችው፤ ለአንድ ጆግ ሩዝ አንድ ጆግ ተኩል የፈላ ውሃ አፈሰስንበት። ሌላ ትሪ ደፋንበትና ዙሪያውን በሊጥ መረግሁት፤ እንፋሎት እንዳይወጣ። ጠዋት ዳቦ ከወጣ በኋላ ፉርኖው ገና እንደ ጋለ ነው፤ ዱቄት በተን አድርጌ ቀስ ብሎ ከቀላ ለሩዝ ደርሷል ማለት ነው። አርባ አምስት ደቂቃ። ማማሰል የለ፣ ማረር የለ። ሊጡን ሰብረን ስንከፍተው ሩዙ ፍሬ በፍሬ ተለያይቶ ቆሟል። ራህመት አየችና «የሹ፣ ከአሁን በኋላ ዳቦውን ተይው» አለችኝ። ለሰው ደግሞ «ዘመኑ ተለውጧል፣ እኔ በድሮው ድስት አልሠራም» እያለች ጉራዋን ነዛች። የሦስት መቶ ሰው ሩዝ በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ ያመናት ብዙ ነው።

ባለፈው ጥር የሳሊሀ ሠርግ ደረሰ። ልጁ መህዲ ይባላል፣ የጎብዬ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፣ እግሩ ትንሽ ቀጠነ እንጂ ሌላ እንከን አላገኘሁበትም። ራህመት ለሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ስትድር ኖራ አሁን የራሷን ልጅ መዳሯ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም። «የሹ፣ በሌላው ሠርግ ብናበላሸው ይረሳል። በልጄ ሠርግ ሩዙ ከተበላሸ ግን ሰው ይመረምረኛል» ትለኛለች። «እኔ እያለሁ?» እላታለሁ።

የሠርጉ ዕለት እሑድ ነው። ዳቦ ጋጋሪዬ ይርጋ ዳቦውን በጊዜ አውጥቶ ፉርኖውን አዘጋጀ። በእሷ ግቢ የሙስሊሙ ሥጋ ይሠራል፤ ከዳቦ ቤቴ ጀርባ ደግሞ ወንድሜ ከበደ ከጓደኞቹ ጋር የእኛን ሙክት አርዶ ይጠብሳል። የሩዙ ውሃ በሁለት ትልልቅ ድስት አጥሩ በር አጠገብ ተጥዷል። ስምንት ትሪ ተደርድሯል። እኔ ሊጡን እያድበለበልሁ ነው፤ ራህመት ሽንኩርቱን ታቁላላለች። ይርጋ ከሁለቱ ድስት እየቀዳ አፈሰሰ፣ እኔ መረግሁ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ፉርኖ ገባ። ሁሉ ነገር እንዲህ ሲሳካ እፈራለሁ፤ ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ መፍራቱን ረሳሁት።

የራህመት ታናሽ እኅት ነሲባ በጠዋት ከዋጃ መጥታለች። እዚያ ካገባች ሃያ ዓመት አልፏታል። ደግ ሴት ናት፤ እጇ ግን አያርፍም፣ ያልታዘዘችውን ታነሣለች፣ ያልተጠየቀችውን ትጨምራለች። ሥጋው ላይ ተመድባ ነበር።

አርባ አምስቱ ደቂቃ ሞላ። ይርጋ ትሪዎቹን እየሳበ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ሴቶቹ ዳቦ ቤቴን ሞሉት። ሊጡን ሰብሬ የመጀመሪያውን ስከፍት እንፋሎቱ ወጣ፤ ሩዙ ያምራል። እኔ በልማዴ በጓዳ በኩል ይዤ ልቀምስ ጭልፋውን አነሣሁ።

ነሲባ ከኋላዬ አንገቷን አስግጋ «መረቁ እንዴት አድርጎታል?» አለች።

ጭልፋው እጄ ላይ ቀረ።

«የምን መረቅ?» አለች ራህመት።

«ውሃ ብቻ ሲፈላ አይቼ አዘንሁልሽ እታለም። ለልጅሽ ሠርግ በውሃ? ሁለት ጆግ ከመረቁ ወስጄ ጨመርሁበት።»

«የቱ ድስት ላይ?»

«አንዱ ላይ ነዋ።»

«ነሲባ! ሩዙ የሁሉም እንደሆነ አታውቂም?»

ነሲባ ፊቷ ተለዋወጠ። «የክርስቲያኖቹ ሙክት ለብቻው ሲሠራ አየሁ። ሩዛቸውንም ለብቻ የሠራችሁላቸው መሰለኝ። ያ ረቢ! አውፍ በሉኝ፣ አላወቅሁም!»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ይርጋን ጠየቅነው፤ ከየትኛው ድስት ለየትኛው ትሪ እንደ ቀዳ አያውቅም፤ የቀረበውን ነው የቀዳው። ግማሹ መረቅ አለበት፣ ግማሹ የለበትም። አፍንጫዬን በየትሪው አስጠጋሁ፤ በአጥሩ ወዲያም ወዲህም ሥጋ እየተሠራ ሰፈሩ ሁሉ ሥጋ ሥጋ ይላል፣ ምን ይለያል? ዘይቱም ቅመሙም ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ያብረቀርቃል። ነሲባ ቀመሰች፤ «እኔ አልለየውም» አለች። ጎረቤታችን ሀስና ቀምሳ ሦስተኛውን ትሪ «ይህ አለበት» ስትል፣ አጠገቧ ያለችው «የለም፣ ያኛው ነው» አለች። በቅመም መሀል ሁለት ጆግ መረቅ ምን ያህል ነው? ደግሞም ሩዝ አልቋል፤ የቀረን አንዲት ጣሳ አትሞላም። ከጎብዬ ስልክ ተደወለ፤ ሙሽራው ተነሥቷል።

ሀስና ሳቅ አለች። «ምን ያጨናንቀናል? የቆቦ ምላስ እዚህ ቆማ! ለራህመት ስጧት፣ አሁን ትለየዋለች።»

ማንኪያ ሰጧት።

ራህመት ማንኪያውን ተቀበለች። ከመጀመሪያው ትሪ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ዓይኗን ስትገልጥ እንደ ልማዷ ነጠላዬን አየች። ነጠላዬ ግን ምንም አያውቅም። አልቀመስሁማ! ልቀምስ አልችልማ! በሁለት ዓመት ውስጥ እኔ ልቀምሰው የማልችለው ይህ የመጀመሪያው ነው። ከሁለተኛው ትሪ ጎረሰች፣ ጨፈነች፣ ገለጠች፣ አየችኝ። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ።

«እህሳ? ምን አለሽ?» አለች ሀስና።

ራህመትን አውቃታለሁ። ከንፈሯን ስታላቅቅ ልትገምት መሆኑ ገባኝ። በግምት «ይህ ንጹሕ ነው» ትላለች፤ ወንድሜ ከበደም፣ ሽማግሌዎቹም እሷን አምነው ይጎርሳሉ። ካወቁ ከዚያ ወዲያ የእሷን ትሪ ማንም ክርስቲያን አይከበውም። ባያውቁ ደግሞ የባሰ ነው፤ እሷ ታውቀዋለችና። «አላውቅም» ካለች ደግሞ ሰው ለምን ይላል፤ የሽንኩርት ቀን የምትለይ ሴት መረቅ ከውሃ አጣች? በልጇ ሠርግ ቀን።

አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። የእኔ ምላስ ይለየዋል። መረቅ ካለበት እኔ በአንድ ጉርሻ አውቀዋለሁ። አንዴ ነው፣ ጎርሼ ነጠላዬን አስተካክላለሁ፣ እሷ ትፈርዳለች፣ ሁሉም ይድናል። እኔ ደግሞ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፤ ይቆጡኛል፣ ያሰግዱኛል እንጂ አይገድሉኝም። እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷም ትቆጣ ነበር። እንዲህ አልሁና ማንኪያ አነሣሁ።

«ኧረ የሹ፣ መረቅ ሊኖርበት ይችላል!» አለች ሀስና።

«እኔ የማደርገውን አውቃለሁ፣ አንቺ አፍሽን ያዢ» አልኋት። ሞልቼ ቀዳሁ። አፌ ዘንድ አደረስሁት።

ራህመት እጄን በኃይል መታችው። ማንኪያው በርሮ ይርጋ እግር ሥር ወደቀ፤ ሩዙ ነጠላዬ ላይ ተበተነ።

«ተይ! ወላሂ አትቀምሺም!» አለች። በሠላሳ ዓመት እጇን አንሥታብኝ አታውቅም። ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«እኔ ምላሴ ሞቷል» አለች። «ሁለት ዓመቱ ነው። ጨውና ስኳር አልለይም። ሽታ የለኝም። በየሠርጋችሁ የበላችሁትን ሩዝ ያጣፈጠችው እሷ ናት። እኔ ማንኪያ ይዤ ዓይኔን ስጨፍን ነው የኖርሁት። አሁን ደግሞ ለእኔ ስም ስትል እናቷ ያልነካችውን ልትጎርስ ነው። ስሜ ይቅርብኝ!»

በአጥሩ በር በኩል ሳሊሀ ቆማለች። እጆቿ ላይ ሂና አለ፤ ጩኸት ሰምታ ሳይሆን አይቀርም ከጓዳ የወጣችው።

«እማ፣ ለእኔም አትነግሪኝም?» አለች።

ራህመት ልጇን ስታይ ያን ጊዜ አለቀሰች። «ላንቺማ እንዴት ልንገርሽ? ቤትሽ ሄደሽ የእናቴ እጅ እንዲህ ይጣፍጥ ነበር እንድትይ ፈልጌ ነዋ» አለቻት። ሳሊሀ ሂናዋ ልብስ እንዳይነካ ሁለት እጇን ወደ ላይ ይዛ በክንዷ ብቻ አቀፈቻት። እኔም አለቀስሁ፤ የሚያፍር ይፈር።

ሀስና ናት ቀድማ የተናገረችው። «እና እስከ ዛሬ ‹አይ ምላስ› ስንል የነበረው ለየሻረግ ነው?»

«ለዚችው ተናካሽ» አለች ራህመት፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ይህማ ነውር ነው! እኔ ባውቅ ጮክ ብዬ አላመሰግናትም ነበር!» አለች ሀስና፤ ሳቅ ሆነ። ማንም በራህመት ላይ ቃል አላወጣም። ነሲባ ብቻ አንድ ጥግ ቁጭ ብላ «እኔ ነኝ፣ በእኔ ነው» እያለች ታለቅሳለች።

እኔ ለልቅሶ ጊዜ የለኝም አልሁ። «ስምንቱም ትሪ በእናንተ በኩል ይቅረብ፣ ለእናንተ ሐራም አይደለም፣ ይጣፍጣል። ለመሀሉ ትሪ ሌላ ሩዝ እንሠራለን። ፉርኖው ትኩስ ነው፤ አርባ አምስት ደቂቃ ነው የምፈልገው። ሩዝ አምጡልኝ!» የራህመት ባል መንሱር ለወትሮው ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ባጃጁን እያስሮጠ ሄዶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሩዝ ይዞ መጣ። ነሲባን አስነሣኋትና «እጠቢ» አልኋት። ሦስት ውሃ አጠበችው፤ በእንባዋ አራተኛ ሆነ። ለመዘፍዘፍ ጊዜ ስለሌለ ራህመት ውሃውን በጆግ ሳይሆን በዓይኗ ጨመረችለት፤ እጇ ገና እጅ ነው። እኔ ውሃው ድስት አጠገብ ዱላ ይዤ ተቀመጥሁ። ማንም መረቅ ይዞ በዚያ በኩል አላለፈም።

ሦስቱን ትሪ መርጌ ሳስገባ የሚኒባሶቹ ጥሩምባ ከአስፋልቱ ተሰማ። መቼም ሀስና ባትኖር ምን እንሆን ነበር? ልጃገረዶቹን ሰብስባ በር ላይ ቆመች። ሙሽራ በር ላይ ትንሽ ይለመናል፣ ትንሽ ይጉላላል፣ ይገባል፤ ደንቡ ይህ ነው። የሳሊሀ ሙሽራ ግን ከደንቡ ሦስት እጥፍ ቆመ። በከረሜላ ተደራደሩት፣ በሽቶ ተደራደሩት፣ ሚዜዎቹን አስጨፈሩ፣ ጨዋታቸው ሲያልቅ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ምስኪኑ መህዲ በዚያ ፀሐይ በሱፍ ልብስ ቆሞ የገዛ አማቶቹ ሐሳባቸውን የለወጡ መሰለው። ይርጋ በአጥሩ በር አንገቱን አውጥቶ «ወጥቷል!» ሲል ነው ሀስና «በሉ ይግባ፣ ደከመው» ያለችው።

ሩዙን ሳልቀምስ አስወጣሁት። እንዲያ ያለችኝ ራህመት ናት። «ዛሬ ጓዳ የለም» አለችኝ።

ትሪው ዳሱ መሀል ተቀመጠ። ሥጋው በግራም በቀኝም ቀርቦ ነበር፤ ሰው እየተነሣ ወደ መሀል መጣ። ከበደ እጁን ታጥቦ ከመንሱር ጎን ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ መጡ። ወሬው ደግሞ ከሩዙ ቀድሞ ዳሱን ዞሮታል፤ ሁሉም ራህመትን በስርቆት ያያታል። እሷ መሀላቸው ቆመች። ማንኪያ አልያዘችም፣ ዓይኗንም አልጨፈነችም።

«የሹ፣ ቅመሺ» አለች ሁሉ እየሰማ።

ጎረስሁ። አኘክሁ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል፤ እንዲህ ታይቼ አላውቅም፣ አፍሬም አላውቅም።

«ጨዉስ?» አለችኝ።

ነጠላዬን ልነካ እጄ ተነሥቶ ነበር፤ መልሼ አወረድሁት።

«ትንሽ ይጎድለዋል» አልሁ።

እውነቴን ነው፤ በጥድፊያው ሁለታችንም ዘንግተነዋል። ዳሱ ሳቀ። ራህመት ጨው አስመጥታ በጣቷ ቆንጥራ እየዞረች በተነችበት። «አሁንስ?» አለች። ደግሜ ጎረስሁ። «አሁን ሆነ» አልሁ። ያን ጊዜ «ቢስሚላህ» ብላ አጠገቤ ቁጭ አለችና ከእኔው በኩል ቆንጥራ ጎረሰች።

«ላንቺስ ምን ይላል?» አልኋት ቀስ ብዬ።

አኝካ ዋጠች።

«ይሞቃል» አለችኝ። ደግማም ጎረሰች።